ያደረ አጀንዳ

ጉዱ የፈላው ሎላ ኮንሲንግ ከንፈሯን ቀይ መቀባት የጀመረች ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ ደግሞ ስድሳን አልፋለች፤ ሎላ በእኛ በማኒላ አያት ማለት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ ያለፋት ሴት፣ ያውም በአዘቦት ቀን፣ ያውም ፎቅ ለመውረድ፣ ከንፈሯን ለምን እንደምትቀባ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ማታ ማታ የምናየው ድራማ ላይ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከከንፈር ቀለም ነበር።

የምትወርደው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ምድር ቤት፣ አተርኒ ፕሩደንሲዮ ዘንድ። ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው፤ አተርኒ የምንላቸውም ለዚያ ነው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል፤ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይተኩሳሉ። ሎላ የሩዝ ኬክ በሰሐን ትይዝና፣ "ኢሳይ፣ አተርኒ ጋ ደርሼ መጣሁ፤ በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ" ትለኛለች። ደርሶ መምጣቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰሐኑ ባዶውን ይመለሳል፤ የከንፈሯ ቀለም ግን ፍንክች አይልም። ይሄን ያኔ ልብ ብለው ኖሮ ብዙ ጭንቀት ይቀርልኝ ነበር።

ለምን እንደተጨነቅኩ እንዲገባችሁ ስለ ጣሪያው ልንገራችሁ። እኛ የምንኖረው ፔርላስ የሚባለው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ጣሪያ ብቻ ነው፤ ሜዳ የመሰለ ጣሪያ። የሰፈሩ አንሶላ ሁሉ እዚያ ይሰጣል፤ በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ የሎሚ ችግኞች አሉ፤ የማኒላ ሙቀት እዚያ ሲደርስ ትንሽ ይበርድለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውሮፕላኖቹ አሉ። ወደ ማረፊያው ሲወርዱ ጎማቸው እስኪታይ ዝቅ ብለው በአናታችን ያልፋሉ። እናቴ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ትሠራ ነበርና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ጣሪያ ነው። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ሁለት እጄን አውለበልባለሁ። አንዱ ላይ እሷ ልትኖር ትችላለቻ! ካልኖረችም ለሚቀጥለው እለማመዳለሁ።

እነዚያ አውሮፕላኖች ከሴቡና ከዳቫኦ የሚመጡ የአገር ውስጥ በረራዎች እንደነበሩ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለስንት የአሣ ነጋዴ እጄን እንዳውለበለብኩ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ በሰኔ አንድ ቀን፣ ደረጃውን እየሮጥኩ ስወጣ፣ የጣሪያው በር ላይ የእኔን ጭንቅላት የሚያክል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የሕንፃው ቦርድ ሊቀመንበር ኢንጂነር ባልዶሜሮ በሩ አጠገብ ቆመው ፀጉራቸውን በኪስ ማበጠሪያ ያስተኙታል። ከረሜላ ሰጡኝና፣ "ጣሪያው እድሳት ላይ ነው፣ የኔ ቆንጆ። ትንሽ ታገሺ" አሉኝ። ጣሪያው የታመመ መስሎኝ አዘንኩለት። ከረሜላውን ግን በላሁት።

ለሎላ ስነግራት ከረሜላውን ከአፌ ልታወጣው ምንም አልቀራት። "እድሳት! የታባቱንስ ያድሳል!" አለች። ያን ማታ ነው ከንፈሯን የተቀባችው።

ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞ አለፈ፣ ጓጉንቸሩም እንዳለ፣ የከንፈር ቀለሙም እንዳለ። በመጨረሻ አላስቻለኝም። አንድ ማታ ሎላ እንደወረደች በባዶ እግሬ ተከተልኳትና አተርኒ መስኮት ስር ተቀመጥኩ። መስኮታቸው የብርጭቆ ርብራብ ነው፤ ለጆሮ የተሠራ ነው ብትሉ ይሻላል።

"ሃያ አምስት ሰው፣ አሊንግ ኮንሲንግ" ይላሉ አተርኒ፤ አሊንግ ለሴት፣ ማንግ ለወንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው። "ሃያ አምስት ብቻ። ሃያ አራት ቢመጣ ግን ዋጋ የለውም።"

"እኔ የምፈራው እሱን ነው። አፋቸው እሺ ይላል፤ እግራቸው አይወርድም።"

"ከመጡ ግን ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። በሕግ የጸና ነው የሚሆነው። አዳራሹን ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት አስይዣለሁ።"

ከዚያ ሎላ፣ "ያንን ሰማያዊ ቀሚሴን ልልበስ ይሆን?" አለች።

አተርኒ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይልበሱት" አሉ፤ ድምፃቸው ለወጥ ብሏል። "ያምርብዎታል።"

አዳራሽ፣ ቅዳሜ፣ በሕግ የጸና፣ ሰማያዊ ቀሚስ! ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል? ሎላ ልታገባ ነው። ካገባች ደግሞ ወደ ባሏ ቤት እንወርዳለን። ከምድር ቤት የሚታየው ቧንቧና የድመት ጅራት ነው። እናቴ ለገና ስትመጣ ከላይ ሆና ብትፈልገንም አታገኘንም። ያን ሌሊት ትራሴን በእንባ አራስኩት።

ዛሬ የባለቤቶች ማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና፣ ያን ማታ የሰማሁት ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሕንፃችን አርባ ስምንት ቤት ነው። ቤት የገዛ ሰው ከክፍሎቹ ጋር ከደረጃውም፣ ከሊፍቱም፣ ከጣሪያውም ድርሻ ገዝቷል። በእነዚህ የጋራ በሆኑት ላይ የሚወስነው ደግሞ የባለቤቶቹ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ጉባኤ የሚባለውም ከግማሽ በላይ ባለቤት ሲገኝ ነው፤ ሃያ አምስት። ይህ ቁጥር ሞልቶ አያውቅም። ጉባኤ ከሌለ ምርጫ የለም፤ ምርጫ ከሌለ የድሮው ቦርድ ባለበት ይቀጥላል። ኢንጂነር ባልዶሜሮ ሰባት ዓመት የነገሡት ሰው ስለመረጣቸው ሳይሆን ሰው ስላልወረደ ነበር። እድሳት ያሉትም ውሸት ነው። ጣሪያውን ማንንም ሳይጠይቁ ለሻምፑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሊያከራዩት ነው። ብረቱ ከተተከለ ጣሪያችን እስከወዲያኛው ተዘጋ ማለት ነው። ሰው በውክልና ድምፅ እንዳይሰጥ ደግሞ ውክልና የሚቀበለው የእሳቸው ቢሮ ሆኖ፣ ቢሮው በር ላይ "ለምሳ ወጥተናል" የሚል ታፔላ ከጠዋት እስከ ማታ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሊፍቱም ዓመቱን ሙሉ ደህና ሰንብቶ በስብሰባ ቀን ብቻ ይታመማል።

ይሄን ሁሉ እኔ በምን ልወቀው?

በማግስቱ ሎላ የሩዝ ኬኩን በትልቅ ትሪ ሞላችና እኔን አሸክማ በየፎቁ ታዞረኝ ጀመር። በር ታንኳኳለች፣ ኬክ ታድላለች፣ "ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ታች አዳራሽ፣ አደራ" ትላለች። ሁሉም እሺ ይላል። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሊንግ ፓሲንግ ቤት ስንደርስ ማጆንግ የሚባለው የቻይና የድንጋይ ጨዋታ ደርቷል። አሊንግ ፓሲንግ የሕንፃው የወሬ እናት ናት፤ ወሬ እሷ ጋ ሳይደርስ ሁለተኛ ፎቅ አይወርድም።

"ቅዳሜ አደራ፣ ፓሲንግ" አለች ሎላ።

"ምን ቆርጦኝ ነው የምቀረው!" አለች አሊንግ ፓሲንግ፣ ዓይኗን ከድንጋዮቹ ሳታነሳ። ኬኩን አነሳች። "ለመሆኑ ምን አለ ቅዳሜ?"

"ጠቅላላ ጉባኤ።"

"ኧረ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ!" አለች፤ አባባሏ ግን እኔ የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ ስል እንደምለው ነበር። ጠቅላላ ጉባኤ የሚሉት ነገር የአዋቂ ሰርግ ስም ይመስለኝ ስለነበር ምንም አልገረመኝም።

ሐሙስ ዕለት አተርኒ ራሳቸው እኛ ቤት ወጡ። ሎላ ወጥ ቤት ስትገባ ዕድሌን ተጠቀምኩበት።

"አተርኒ፣ ከቅዳሜ በኋላ ታች ነው የምንኖረው?"

"ታች? ምን ልትሠሩ?" አሉ ሰውዬው በእውነት ግራ ገብቷቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት። "ስሚ ኢሳይ። ቅዳሜ ካማረልን ጣሪያው ይከፈታል። ጓጉንቸሩን የምትከፍቺው ደግሞ አንቺ ነሽ። ቃሌ ነው።"

"እውነት? ካላማረስ?"

"ሰው ካልመጣ አይሆንም። ነገሩ ሁሉ በሰው ነው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጣሪያው የሰርግ ስጦታ ነው ለካ! እንግዲያ ይጋቡ እንጂ፣ ማን ከለከላቸው። ሸሚዛቸውም ሁሌ ንጹሕ ነው፣ ጥርሳቸውም የራሳቸው ነው። ያን ቀን ለሎላ ባል መረጥኩላት ማለት ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ታሟል። ሎላ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ስድስት ፎቅ በደረጃ ወረደች፤ እኔም ነጭ ካልሲዬን አድርጌ ተከተልኳት። አዳራሹ ያው የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ቤት ነው። አተርኒ ወንበር ደርድረዋል፣ የክት ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፣ ጠረጴዛ ላይ አበባ አለ። ኢንጂነር ባልዶሜሮ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ቄሱን የሚያስጠሩት እሳቸው መሰሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወል አቃጨሉና፣ "ስብሰባው ተከፍቷል። በደንቡ መሠረት አንድ ሰዓት እንጠብቃለን" አሉ። ማበጠሪያቸውን አወጡ።

ጠበቅን። ሰው አልመጣም። አንድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው የጥርስ ሐኪም፣ በእጅ ጣት የሚቆጠር ሰው። ቀሪው ወንበር ባዶ ነው። ሎላ በሩን በሩን ታያለች። የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ ታጥፋለች። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ የታችኛው ከንፈሯ፣ ያ ቀይ ከንፈሯ፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሎላ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ባሏ ሲቀበርም እንኳ ሬሳ ሳጥኑ የተንጋደደ ነው ብላ ሰው ስትቆጣ ነው የዋለችው።

ሙሽራ እንዲህ ስትሆን እንዴት ዝም ይባላል! እግሬ አውጪኝ ብዬ ደረጃውን ሽቅብ ተያያዝኩት። የመጀመሪያው የተከፈተ በር የአሊንግ ፓሲንግ ነው።

"አሊንግ ፓሲንግ! ሎላዬ እያገባች ነው! ሰው የለም! እያለቀሰች ነው!"

የማጆንግ ድንጋዮች ቀጥ አሉ።

"ማናባቱን?" አለች አሊንግ ፓሲንግ።

"አተርኒን!"

ብድግ ስትል ወንበሯ ተገለበጠ። "ኮንሲንግ! አተርኒን! እኔ ሳልሰማ!" ምን እንዳናደዳት ለማወቅ ያስቸግር ነበር፤ ማግባቷ ይሁን አለመስማቷ። "ጠቅላላ ጉባኤ ትለኛለች እንዴ! ዓይኔ እያየ! ኧረ ይቺ ጉደኛ!" ከዚያ ወደ ደረጃው ወጥታ ያ የታወቀ ድምፅዋን ለቀቀችው። "ስሙኝማ! ኮንሲንግ እያገባች ነው! ታች! አሁን! ብቻዋን ናት!"

ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግኩም። በር ሁሉ ተበረገደ። ፀጉሯን በጥቅልል የጠቀለለች፣ ሱሪውን እየታጠቀ የሚወርድ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የተኛች ነርስ በፒጃማ፣ የሩዝ ድስቱን ከእሳት ላይ እንዳለ ያነሳ። አንዱ የሴት ልጁን የልደት ኬክ ነጥቆ መጣ፤ ልጅቷ ከኋላ እየጮኸች። ሴቶቹ መርፌ ቁልፍ ይሻማሉ፤ በእኛ አገር ሙሽራ ቀሚሷ ላይ የብር ኖት ሳይሰካላት አትዳርማ! ደረጃው በሰው ተሞልቶ፣ ከላይ እስከ ታች ሳቅ በሳቅ ሆኖ ወረድን።

አዳራሹ በር ስንደርስ ኢንጂነር ባልዶሜሮ ቆመዋል። "እንግዲህ ሰዓቱ ስለሞላና ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ..." እያሉ ነው። አሊንግ ፓሲንግ በሩን በትከሻዋ ከፈተችውና አንድ እፍኝ ሩዝ በተነች። ግማሹ ኢንጂነሩ ፀጉር ላይ አረፈ። ቀጥ ብላ ወደ ሎላ ሄደችና አንድ ብር ደረቷ ላይ ሰካችላት።

"ፓሲንግ፣ አበድሽ?" አለች ሎላ።

"ዝም በይ! አንቺን በኋላ ነው የማናግርሽ!" አለቻትና እቅፍ አደረገቻት። ሌሎቹም ተሰልፈው ይሰኩ ጀመር።

አተርኒ መጀመሪያ የሰዉን ጎርፍ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ካልሲዬ ጠቁሯል፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ከዚያ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለካ እየቆጠሩ ነው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ!" አሉ በድንገት፣ ድምፃቸው የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ። "እባካችሁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ለጥበቃው ለማንግ ኡርባኖ አስመዝግቡ። ኡርባኖ፣ ፍጠን!"

"ይሄ ሕገ ወጥ ነው!" አሉ ኢንጂነሩ፣ ሩዙን ከፀጉራቸው እያራገፉ። "እነዚህ ሰዎች የመጡት ለሰርግ ነው!"

"ደንቡ ባለቤቱ በአካል ይገኝ ይላል፣ ኢንጂነር። ምን አስቦ እንደተገኘ ይጠየቅ አይልም።"

ማንግ ኡርባኖ መዝግቦ ጨረሰ። "ሃያ አራት" አለ።

ሎላ ዓይኗን ጨፈነች። ኢንጂነር ባልዶሜሮ ግን ፊታቸው በራ፤ ማበጠሪያቸውን ሁሉ አወጡ። "ሃያ አራት!" አሉ። "አንድ ጎደለ። በጣም ያሳዝናል።"

"አይጎድልም" አሉ አተርኒ ረጋ ብለው። "እርስዎስ?"

"እኔ ምን?"

"ሁለተኛ ፎቅ ቤት የለዎትም? ባለቤት አይደሉም?"

"እኔ አልተመዘገብኩም! መመዝገብም አልፈልግም!"

"ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወል ያቃጨለው፣ ስብሰባው ተከፍቷል ያለው ማነው? የሌለ ሰው ነው ስብሰባ የከፈተው?"

መጀመሪያ የሳቀችው ነርሷ ናት። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ኢንጂነሩ ማበጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ማንግ ኡርባኖ ምላሱን አውጥቶ፣ በትልቁ፣ ሃያ አምስተኛውን ስም ጻፈ።

"ወደ ሰርጉ ከመሄዳችን በፊት" አሉ አተርኒ፣ "ስለ ጣሪያው አንድ ቃል። አሊንግ ኮንሲንግ።"

ሎላ ተነሳች። ደረቷ በብር ተሸፍኗል። እኔ የሙሽራ ንግግር መስሎኝ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

"እኔ መናገር አልችልም" አለች። "ጣሪያው እየታደሰ አይደለም። ሊከራይ ነው፤ ብረት ሊተከልበት ነው፤ ማናችንም አልተጠየቅንም። ባሌና እኔ ይቺን ቤት ስንገዛ ከጣሪያው ላይ ድርሻ ገዝተናል። ድርሻችን ከየት እስከ የት እንደሆነ አላውቅም፤ የናንተም ከየት እስከ የት እንደሆነ አታውቁም። ለዚህ ነው ማናችንም ብቻችንን ልንሸጠው የማንችለው። ደግሞ..." ወደ እኔ አየች። "የልጅ ልጄ ለእናቷ እጇን የምታውለበልበው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የላትም። ይኸው ነው።"

ለእኔ ብላ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሰርግ ላይ ይለቀሳል ሲሉ ለምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች አሊንግ ፓሲንግ። "ሻምፑ? የኔ አንሶላ ማስጫ ላይ ሻምፑ?" ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። "አንተ ሰውዬ፣ አንተን ማነው የመረጠህ?"

ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ኪራዩ ቀረ፤ አዲስ ቦርድ ተመረጠ፤ ሎላ ደረቷ ላይ ብር እንደተሰካ የሕንፃው ሊቀመንበር ሆነች። ኢንጂነር ባልዶሜሮም ቢሆኑ ድምፃቸውን በነፃነት ሰጥተዋል፤ ተቃውሟቸው በቃለ ጉባኤው ላይ እስከ ዛሬ አለ። አተርኒ እሱን እንኳ አልነፈጓቸውም። ከዚያ አንድ ሰሐን ኬክ ሰጧቸው፤ ኢንጂነሩም ተቀብለው በሉ፤ ምን ያድርጉ።

"ሌላ ጉዳይ ያለው አለ?" አሉ አተርኒ።

"አለ እንጂ!" አለች አሊንግ ፓሲንግ። "ሰርጉስ?"

"ሰርጉስ!" አለ አዳራሹ።

ሎላ ደረቷ ላይ የተሰካውን አየች፣ ኬኩን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ከከንፈሯ ይበልጥ ቀላ። "ኢሳይ..." አለች። አተርኒ ግን ከወንበራቸው ተነሱ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ አስተካከሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አይሆኑም ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው።

"ክብርት ሊቀመንበር" አሉ። "ልጅቷ አልዋሸችም፤ ቀደመችኝ እንጂ። አንድ የውሳኔ ሐሳብ አለኝ። አሊንግ ኮንሲንግ፣ ቢያገቡኝ ደስ ይለኛል።"

"እደግፋለሁ!" አለች ነርሷ በፒጃማዋ። "እደግፋለሁ! እደግፋለሁ!" አለ ሁሉም። ማንግ ኡርባኖ፣ ባለቤት ሳይሆን፣ ሁለት እጁን አወጣ።

ሎላ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። "አጀንዳው ቀድሞ ያልተያዘ ስለሆነ" አለች፣ "ለሚቀጥለው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል።"

የወጣው ጩኸት ሕንፃውን ሊያፈርሰው ነበር። ግን ስትስቅ አየኋት፤ አተርኒም ሲስቁ። ያን ማታ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝና ጓጉንቸሩን ራሴ ከፈትኩት። ኬኩ፣ የሩዝ ድስቱ፣ የካራኦኬ ማሽኑ ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጣ። አሊንግ ፓሲንግ በአንሶላዎቹ መካከል ጨፈረች። እኔም እጄ እስኪዝል ላለፈው አውሮፕላን ሁሉ አውለበለብኩ። እናቴ በገና መጥታ፣ "ከላይ ሆኜ አየሁሽ፤ ቀይ ነበር የለበስሽው" አለችኝ። የመጣችው በሌሊት በረራ ነበር። ቢሆንም እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰዉ የመጣው ለጥበቃ ቅጥርና ለቧንቧ ጥገና እንዳይመስላችሁ። ሁሉንም ተቀምጦ ሰማ፣ ተከራከረ፣ ድምፅ ሰጠ፤ በመጨረሻ ላይ "ያደረ አጀንዳ" ሲባል ግን ትንፋሹን ዋጠ። አተርኒ ተነሱ፣ ጠየቁ። ሎላ መነጽሯን ጠርጋ፣ "ተላልፏል" አለች። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ፣ በአሥረኛውም። ከዚያ ወዲህ በፔርላስ ሕንፃ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ አያውቅም። ሊፍቱም ታሞ አያውቅም።

እኔ ሃያ አራት ዓመት ሆኖኝ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ በተመረጥኩ ዓመት፣ አንጀቴ አልችል አለ። አተርኒ አርጅተዋል፤ ሲነሱ ጉልበታቸው ይጮሃል። ከስብሰባው በፊት ሎላን ጣሪያ ላይ ሎሚዎቿን ስታጠጣ አገኘኋት።

"ሎላ፣ በእግዚአብሔር፣ ዘንድሮ እሺ በያቸው። ሰውዬው አያሳዝኑሽም? ስንት ዓመት ለመኑሽ!"

"እሺ ብየዋለሁ እኮ" አለች፣ ውኃውን ሳታቋርጥ።

"መቼ?"

"በሁለተኛው ዓመት። ስብሰባው ባለቀ በሳምንቱ ተጋባን፤ ማንም በማያውቀን ደብር።" ቆርቆሮውን አስቀመጠች። "ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት ነው የምሄደው ስልሽ ከማን ጋር የምጸልይ ነው የመሰለሽ?"

"ማን ያውቃል?"

"ቄሱ። ኡርባኖ። ፓሲንግ ደግሞ ምስክሬ ናት።"

"አሊንግ ፓሲንግ? ያ አፏ? ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ለአንሶላዋ ስትል" አለች ሎላ። ከዚያ በእርጥብ እጇ አገጬን ያዘችኝ። "ስሚ፣ አንቺ ቂል። እሺ አለች ብባል በማግስቱ ማን ይወርዳል? ባልዶሜሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሁንም ፀጉሩን እያበጠረ ነው። እኔና ፕሩዲ በሚገባ ተጋብተናል፤ እሱ ታች፣ እኔ ላይ፣ መካከላችን ሊፍት አለ። ሕንፃውን ግን ገና አላገባነውም፤ እሱን በየዓመቱ ነው።"

ያን ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሏል። የቧንቧውን ጨረስን፣ የጥበቃውን ጨረስን። እኔ ተነስቼ፣ ሳቄን በጥርሴ ይዤ፣ "ያደረ አጀንዳ" ብዬ አነበብኩ። አሊንግ ፓሲንግ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ምንም እንደማታውቅ ሰው፣ መሐረቧን አዘጋጀች። አተርኒ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ አስተካከሉ፣ ጠየቁ። እጃቸው እንደዚያን ጊዜው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የማስመሰል አልነበረም።

ሎላ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አደረገች። "ተላልፏል" አለች። አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ፣ ከጠረጴዛው ስር እጃቸውን ስትይዝ ከእኔ ወንበር በቀር ከየትም አይታይም ነበር። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ እንደተባለው ጻፍኩ።